የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር በሰሜን ሸዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአረርቲ እስከ መሐል ሜዳ፣ በገበያ ቀንም በጠቅላላ ጉባኤም ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀን ይህንን ነው።

ኅብረት ሥራ ማኅበር ከእድርና ከእቁብ በምን ይለያል?

እድር ለሐዘን፣ እቁብ ለጥሬ ገንዘብ፣ ደቦና ወንፈል ለጉልበት ነው። የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር ለገበያ ነው። አንድ ገበሬ ሁለት ኩንታል ስንዴ በአህያ ጭኖ ሲወርድ ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። ገበሬው ይዞት እንዳይመለስ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ማታ ደግሞ ጨውና ዘይት ገዝቶ መግባት አለበት። ሁለት መቶ አባወራ ሁለት ሁለት ኩንታል አንድ መጋዘን ሲያስገባ ግን አራት መቶ ኩንታል ይሆናል። ይህ ባለ ተሳቢ መኪና የሚሞላ ጭነት ስለሆነ ገዢው ራሱ ደጅ ድረስ ይመጣል።

ሌላው ልዩነት ሕጋዊ ሰውነቱ ነው። ማኅበሩ ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ስለሚያገኝ በራሱ ስም ውል ይዋዋላል፣ ከባንክ ይበደራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ቀበሌ ላይ ያለው መሠረታዊ ማኅበር ይባላል፤ መሠረታዊ ማኅበራት ሲሰባሰቡ ደግሞ ዩኒየን ያቋቁማሉ። ደብረ ብርሃን ያለው ወደራ ዩኒየን እንዲህ የቆመ ነው።

የደርግ ጊዜው ማኅበር ተመልሶ መጣ ማለት ነው? መሬቴን ከሰው ጋር ሊቀላቅሉብኝ ነው?

አይደለም። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም፤ ያንን ዘመን ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። “አምራች” በሚባለው ማኅበር መሬትና በሬ ተቀላቅሎ በወል ይታረስ ነበር። አምራች ያልገባውም ከኮታ አያመልጥም፤ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክባል። ዝናብ በከዳበት ዓመት ኮታ ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበ ገበሬ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ አምራቾቹም ብዙ ሳይቆዩ ፈረሱ፣ በሬውም ወደየበረቱ ተመለሰ።

የዛሬው ማኅበር የቆመው በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም እሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። መግባትም መውጣትም በፈቃድ ነው። እያንዳንዱ የሚያርሰው የራሱን ማሳ ነው፤ ከጎረቤት ጋር የምትገናኙት ሚዛኑ ላይ ብቻ ነው። ቀበሌው “ግዴታ ነው” ብሎ ካስመዘገባችሁ አዋጁን የጣሰው ቀበሌው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።

ያለኝ ሁለት ጥማድ ነው። ለእንደኔ ያለው ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ነገሩ የተሠራው ለእንደናንተ ላለው ነው። ሃምሳና ስልሳ ኩንታል የሚያፍስ ሰው ገዢ አያጣም፤ ስልክ ደውሎ ይሸጣል። ሁለት ጥማድ ግማሽ ሄክታር ገደማ ነው። የቀለቡ፣ የዘሩና የማዳበሪያ ዕዳው ሲነሣ ለገበያ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ አይከራከርም።

አባል ለመሆን የመመዝገቢያ ክፍያና ቢያንስ አንድ ዕጣ፣ ማለትም ከማኅበሩ የሚገዛ ድርሻ፣ ያስፈልጋል፤ መጠኑን የሚወስነው የየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ሀብታሙ ብዙ ዕጣ ገዝቶ ማኅበሩን እንዳይጠቀልለው ሕጉ ሁለት መቀነቻ አስሮበታል። አንድ አባል ከጠቅላላው የተከፈለ የዕጣ ገንዘብ ከ10 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም። ድምፅ ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ አንድ ዕጣ ያለውም ሃምሳ ዕጣ ያለውም እጁን የሚያወጣው አንዴ ነው።

ባለቤቴ አባል ነው፤ እኔ በስሜ መግባት ያስፈልገኛል?

እህቴ፣ ግቢ። ይሄ ጥያቄ በመጣ ቁጥር መልሴ አንድ ነው። የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለታችሁም ስምና ፎቶግራፍ አለ፤ የማኅበሩ መዝገብ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው የእሱ ብቻ ነው። ላሟን የምታልቢው፣ ዶሮዋን የምትጠብቂው፣ ሽሮውን የምታሰናጂው አንቺ ነሽ። ወተቱ በእሱ ደብተር ሲመዘገብ ግን ሂሳቡ የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ በጉባኤ ቀን እጅ የሚያወጣውም እሱ ነው።

“ሁለት ዕጣ ለአንድ ቤት ምን ያደርጋል?” የሚሉ አሉ። ለማኅበሩ አንድ ተጨማሪ አቅራቢ፣ ለቤቱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ድምፅ ነው። ኮሚቴው “የቤቱ ራስ ካለ ይበቃል” ቢልሽ ደንቡ ውስጥ የቱ አንቀጽ እንደሚከለክል እንዲያሳይሽ ጠይቂው።

በማኅበር ምን ምን መሸጥ ይቻላል?

ሰሜን ሸዋ አንድ አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ተንከባልላችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 አካባቢ ናችሁ። ከውርጭ ወደ ሙቀት ለመድረስ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ስለዚህ “የሰሜን ሸዋ ምርት” የሚባል አንድ ነገር የለም።

መንዝ ገብስና በግ ነው፤ ከበጉ ጠጉር ባና የሚባል ብርድ ልብስና በርኖስ ይሠራል። አንኮበርና ባሶና ወራና ገብስና ባቄላ ያወጣሉ። ደብረ ብርሃንና ጫጫ ዙሪያ ወተት አለ። ሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ ያለው፣ መሬቱ ኮትቻ፣ ጥቁር የሚጣበቅ አፈር፣ ነው፤ ክረምቱን ውኃ ስለሚያቁር ሰፊ መደብ አውጥተው ውኃውን በማጠንፈፍ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ምስር ያነሡበታል። ምንጃር ሸንኮራ ጤፉና ሽምብራው ነው። ቀወትና ሸዋ ሮቢት ማሾ፣ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ናቸው። ማሾ በሀገራችን ወጥ ውስጥ ብዙ አይታይም፤ አብዛኛው ለውጭ ገበያ ስለሆነ ዋጋውን የሚወስነው ሸዋ ሮቢት ላይ የተቀመጠ ሰው አይደለም።

ጥሬውን ብቻ መሸጥ ግን ግማሹን ጥቅም ለሌላ መስጠት ነው። የደብረ ሲና ቆሎ ምሳሌ ነው። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር በመስኮት የሚሸጠው ያ ቆሎ ገብስና ሽምብራ ነው፤ ቆልተው ስላቀረቡት ብቻ መንገደኛው ስሙን ያውቀዋል። ክክ፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ አዘጋጅቶ ከረጢት ላይ ስሙን የሚጽፍ ማኅበር ከእህል ሻጭነት አንድ ደረጃ ወጥቷል።

ዋጋው በእውነት ከነጋዴ ይሻላል?

አንዳንዴ ይሻላል፣ አንዳንዴ እኩል ነው፣ አንዳንዴ ያንሳል። ሁልጊዜ ይበልጣል ያላችሁ ሰው ለምርጫ ሊወዳደር ነው። ይልቅ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ሚዛኑን ጠይቁ። አንዲት እናት ገበያ ላይ 93 ኪሎ የተባለባቸውን ጤፍ ተናደው መልሰው የማኅበራችን ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ 99 ተኩል ሆነ። ነጋዴው በኪሎ የሰጣቸው ዋጋ ከእኛ ይበልጥ ነበር። የጎደለባቸውን ስድስት ኪሎ ተኩል በዋጋው ስናባዛው ግን ያን ብልጫ በልቶ ይተርፋል። እሳቸውም “ታዲያ እስከዛሬ ስንቱን አስረከብኩት?” ብለው ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

ሁለተኛው ጥቅም ጊዜ ነው። ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል፣ ይወቃል። ጥር ላይ ሰርግ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ዕዳ አለ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይሸጣል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወጣል፤ ያኔ ግን ገበሬው ራሱ ሸማች ሆኗል። መጋዘንና ትንሽ የሥራ ገንዘብ ያለው ማኅበር እህሉን ይህን ስድስት ወር ያሻግረዋል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውምና ቀላል ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ማሾና ማሽላ ግን በደንብ ደርቀው አየር በማያስገባው ድርብርብ ከረጢት ካልታሰሩ ግንቦት ላይ ዱቄት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በነገራችን ላይ ፎስቶክሲን የሚባለውን የነቀዝ መግደያ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት እህል ውስጥ አታድርጉ። ቤተሰብ ይገድላል።

እህሉን ካስረከብኩ ገንዘቤ መቼ ነው የሚደርሰኝ?

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ ከማስረከባችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። አንዱ ማኅበሩ በዕለቱ ዋጋ ገዝቶ ወዲያው የሚከፍልበት ነው። ከዚያ በኋላ እህሉ የእሱ ነው፤ ቢወጣም ቢወርድም የሚመለከተው ማኅበሩን ነው። ሌላው ግማሹን ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን ሲሸጥ የሚያስብበት ነው። ይህኛው ዋጋ ሲወጣ ይጠቅማል፤ ግን ትዕግሥትና ደህና መዝገብ ይፈልጋል።

ብዙውን ጊዜ ሰው የሚማረረው በመዘግየቱ ነው። ምክንያቱ ሌብነት ሳይሆን ባዶ ካዝና የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሁሉም እህሉን ያመጣል፤ ማኅበሩ የባንክ ብድሩን ቀድሞ ካላስጨረሰ የሚከፍለው የለውም። ብድሩ መስከረም ላይ መጠየቅ ነበረበት። ለማንኛውም ሚዛኑን፣ ደረጃውን፣ ዋጋውንና ቀኑን የያዘ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከመጋዘኑ አትውጡ።

ወተቴን ለምን መለሱብኝ?

ወተት እንደ ስንዴ አይደለም፤ የአንዱ ቤት ወተት ከሌላው ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ይገባል። አንድ የተበላሸ ሊትር የጎረቤትን ሁሉ ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ መሰብሰቢያው ላይ ሁለት ነገር ይታያል። ላክቶሜትር የሚባለው ተንሳፋፊ ዕቃ የወተቱን ክብደት ያሳያል፤ ውኃ ከገባበት ዝቅ ብሎ ይሰምጣል። የአልኮል ምርመራው ደግሞ መኮምጠር የጀመረውን ይለያል፤ የጀመረ ከሆነ ወዲያው ይረጋል። ተቀባዩ ልጅ ስላልወደዳችሁ አይደለም።

አብዛኛው ችግር ዕቃው ነው። የዘይት ጀሪካን አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፤ ስለዚህ አይታጠብም፣ ታጥቦ ቢመስልም ጥጉ ላይ የትናንቱ ይቀራል። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ ይሻላል። ላሟ መርፌ ከተወጋች ደግሞ ሐኪሙ የነገራችሁ ቀን እስኪያልቅ ወተቷን አታምጡ። ይህኛውን ላክቶሜትር አያገኘውም፤ ለሕሊናችሁ የተተወ ነው።

ጾም ሲገባስ ወተቱ ምን ይሆናል?

ከባድ ጥያቄ ነው፤ በእኛ አገር የወተት ማኅበር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ ገዢው የዓመቱን ትልቁን ክፍል አይጠጣም። ላሚቱ ግን አትጾም። አዲስ አበባ ያሉት ፋብሪካዎች የሚቀበሉትን ይቀንሳሉ፤ መኪናው ግማሽ ሆኖ ይሄዳል።

መውጫው ቅቤና አይብ ነው። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ሃያ ሊትር ገደማ ወተት ይሄዳል፤ ስለዚህ በሊትር ሲታሰብ ገቢው ያንሳል፣ ግን ከመድፋት ይሻላል። ቅቤው ለፋሲካ ይቆያል፤ በዚያ ሳምንት ዋጋው ራሱን ይክሳል። የደብረ ብርሃን ብርድ እዚህ ላይ ወዳጅ ነው። ብልህ የሆኑቱ ደግሞ ላሞቻቸው ሁዳዴ ላይ እንዳይወልዱ አስበው ያስጠቃሉ። ላም ዘጠኝ ወር ትሸከማለችና ከሚያዝያ በኋላ እንድትወልድ የፈለገ ከሐምሌ መጨረሻ በፊት ማስጠቃት የለበትም።

ሽንኩርትና ቲማቲምን ማኅበር ለምን አይገዛም?

ስለሚፈራ ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። እህል ስድስት ወር ይጠብቃችኋል፣ ቲማቲም ስድስት ቀን አይጠብቃችሁም። ሸዋ ሮቢትና ምንጃር ላይ ደላላው ሽንኩርቱን በቁሙ ገምቶ ይገዛል፤ ማስነቀሉንም፣ ጆንያውንም፣ መኪናውንም ይችላል። ማኅበሩ እነዚህን ሦስቱን ካልቻለ “እኔ እሻላለሁ” ማለቱ ወሬ ነው።

የሚሳካላቸው ማኅበራት ማሳውን ተራ በተራ ያስተክላሉ፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት እንዳይደርስ። ከመንቀል በፊት ሁለት ሳምንት ገደማ መስኖውን ያቆማሉ፣ የተነቀለውንም አንገቱ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ያሰጣሉ። ዩሪያ በላይ በላይ የተደፋበት ሽንኩርት ይወፍራል፣ ያምራል፣ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ቲማቲምን በተመለከተ ያለኝ ምክር አጭር ነው፦ ገዢው በውል ሳይታወቅ አትሰብስቡ።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከእነዚህ ማኅበራት እንዴት ልግዛ?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሰፈራችሁ ሸማቾች ማኅበር ነው፤ ከገበሬ ዩኒየኖች ጋር ውል ይገባል። ሌላው የእሁድ ገበያ ነው፤ እዚያ ዩኒየኖችና አምራቾች ምርታቸውን ይዘው ይቀርባሉ።

የምታዩት ጤፍ ሁሉ “የምንጃር ነው” ቢባል አትደነቁ፤ በስሙ የሚሸጠው ሁሉ ምንጃር ላይ በቅሎ ቢሆን መሬቱ አይበቃውም ነበር። የማኅበሩን ስምና ወረዳ የያዘ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ማኅበር ከሆነ ደረሰኝ አለው። አሥር ሰው ሆናችሁ ሃያ ኩንታል በአንዴ ብታዝዙ ደግሞ ለእናንተም ለእነሱም ይቀላል። ኅዳር መጨረሻ ላይ አነጋግሩ፣ ጥር ላይ ተረከቡ። ሰኔ ላይ ደውላችሁ የጥርን ዋጋ አትጠይቁ።

ትርፉ የሚከፋፈለው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ሂሳቡ ኦዲት ይደረጋል፤ ያልተመረመረ ትርፍ አይከፋፈልም። ከተጣራው ትርፍ የተለመደው 30 በመቶ ለመጠባበቂያ ቀርቶ 70 በመቶው ለአባላት የሚሄድበት ነው። ይህ 70 ደግሞ ሁለት መንገድ አለው፦ አንዱ ባላችሁ ዕጣ፣ ሌላው ባስረከባችሁት ምርት ልክ። በሁለቱ መካከል ስንት ለስንት እንደሚሆን ደንባችሁ ውስጥ እዩ።

ለምሳሌ ማኅበሩ 100,000 ብር አተረፈ እንበል። 30,000 ይቀመጣል። ከ70,000ው ደንቡ 40,000ውን ለተሳትፎ፣ ማለትም ለተረከበው ምርት፣ ካለ፣ ከጠቅላላው እህል መቶኛውን ያስገባ አባል 400 ብር ይደርሰዋል፤ የዕጣው ሌላ ነው። እንግዲህ ዕጣ ገዝቶ እህሉን ለነጋዴ የሚሸጥ ሰው የዚህኛው ተካፋይ አይደለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለዕጣ የሚሄደው እያነሰ ለምርት የሚሄደው መብዛት አለበት። ብሩን ያስገባው ተኝቶ፣ እህሉን ያስገባው ተሸክሞ ነው።

ገብሴን “ደረጃ አልደረሰም” አሉኝ። ከቤቴ የበላሁት ገብስ ምን ሆነ?

ለመብል ምንም አልሆነም። የቢራ ገብስ ግን ሌላ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ዳሸንም ሐበሻም ቢራ ይጠምቃሉ፤ ለቢራ ገብሱ መጀመሪያ ብቅል መሆን አለበት፣ ብቅል ለመሆን ደግሞ መብቀል አለበት። አውድማ ላይ ዝናብ የመታው፣ ክምር ውስጥ የሞቀው ወይም የተሰባበረው አይበቅልም። ዩሪያ የበዛበትም ፕሮቲኑ ከፍ ይልና ይመለሳል። ሁለት ዓይነት ዘር ከተቀላቀለበት እኩል አይበቅልም።

ቤታችሁ ሞክሩት፦ መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ዘጠና አምስቱ ካልበቀለ ለፋብሪካ አትጫኑ፤ ለቆሎና ለበሶ የሚሸጥበትን ፈልጉ። ለሌላውም እህል ቢሆን አብዛኛው የደረጃ ጠብ የሚጀምረው አውድማ ላይ ነው። ሸራ አንጥፎ የወቃ ሰው አፈርና ጠጠር አይመዘንለትም፤ አይመለስበትምም።

ማኅበሩ ማዳበሪያ ከማደል ሌላ ምን ይሠራል? የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ?

አይደለም፤ ግን ብዙዎቹ መስለዋል። ዩሪያውም ሌላውም ማዳበሪያ በማኅበራት በኩል ስለሚከፋፈል በየዓመቱ መጋዘኑ በማዳበሪያ ይሞላል፣ ሰልፍ ይሆናል፣ ሊቀመንበሩም የስም ዝርዝር ያዥ ይሆናል። እህል በሚገዛበት ወር ግን በሩ ይቆለፋል። በእኔ አስተያየት ማኅበራትን ከምንም በላይ የጎዳቸው ይህ ነው፤ አባሉ ማኅበሩን የሚያውቀው ሲሰጠው ወይም ሲከለክለው እንጂ ሲሸጥለት አይደለም።

ወረዳው የመመዝገብ፣ ኦዲት የማድረግና የማማከር ሥልጣን አለው። ሊቀመንበር የመሾም፣ እህሉ በስንት ይሸጥ የማለት ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው። ጉባኤ ላይ ከመድረክ “ድር ቢያብር” እየተባለ ሲተረት እጃችሁን አውጥታችሁ ዘንድሮ ስንት ኩንታል ተሸጠ፣ ለማን፣ በስንት ብላችሁ ጠይቁ።

ኮሚቴው ገንዘብ ቢበላስ?

ይበላል። እኔ በጸሐፊነት ያገለገልኩበት ማኅበር የአንድ ዓመት የምስር ሽያጭ ገንዘብ በደንብ ሳይመዘገብ ቀርቶ ለሁለት ዓመት ስንካሰስ ቆየን። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ቼክ ላይ ሁለተኛ ፈራሚ ሆኜ ባዶ ቼክ ላይ ፈርሜያለሁ። “ከተማ እየተመላለስክ አትድከም” ተብዬ ነበር፣ እኔም አልደከምኩም።

ከዚያ የተማርኩት ይኸው ነው። ባዶ ቼክ አይፈረምም። ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ አንድ ሰው አይሆንም፣ ዘመዳሞችም አይሆኑም። ቁጥጥር ኮሚቴ የሚመረጠው በይሉኝታ ሳይሆን መደመር መቀነስ በሚችል ሰው ነው፤ የቀበሌው መምህር ወይም አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ልጃችሁ ከተከበሩት ሽማግሌ ትሻላለች። ኦዲት ካልመጣ ጉባኤው በደብዳቤ ይጠይቅ። ክርክር ከተነሣ ሕጉ መጀመሪያ ወደ እርቅና ግልግል ይመራችኋል፤ እኛ ዘንድ ሽምግልና እንግዳ አይደለም፣ ብቻ ሽማግሌዎቹ ከተከሳሹ ጋር አንድ ጽዋ የሚጠጡ እንዳይሆኑ።

ብወጣስ? ብሞትስ?

የሚወጣ አባል የከፈለውን የዕጣ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዕዳ ካለበት ይቀነስበታል። መጠባበቂያው የማኅበሩ ስለሆነ ከእሱ ድርሻ የለውም። ለሞተ አባል ዕጣው ለወራሹ ይተላለፋል። ወራሽ ማን እንደሆነ ዛሬውኑ በመዝገቡ ላይ አስጽፉ፤ ከተዝካር ማግስት ወንድማማች ሲጣላ አይቻለሁ።

ነጋዴው በኩንታል መቶ ብር ጨምሮ ሲሰጠኝ ለማኅበር ማስረከብ ሞኝነት አይደለም? ሁሉም ለእሱ እየሸጠ እኔ ብቻ?

እናንተ ብቻ ከሆናችሁ፣ አዎ፣ ሞኝነት ነው። ግን ያ መቶ ብር ከየት እንደመጣ እዩት። ማኅበሩ ለፋብሪካ አራት መቶ ኩንታል ውል ገብቷል፤ ነጋዴው ይህን ያውቃል። ለሁለት ሳምንት ኪሳራውን ችሎ ዋጋ ይሰቅላል። መጋዘኑ ባዶ ይቀራል፣ ውሉ ይፈርሳል፣ ፋብሪካው በሚቀጥለው ዓመት ለእነዚህ ሰዎች ስልክ አያነሣም። በሦስተኛው ሳምንት መቶው ብር ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከበፊቱም ይወርዳል።

ነጋዴውን ግን ሰይጣን አታድርጉት። ሐምሌ ላይ ልጅ ሲታመም ብር ያበደረው እሱ ነው፤ ማኅበሩ በዚያ ሰዓት የት ነበር? ስለዚህ አባልን በስብከት ማሰር አይቻልም። ሲሠራ ያየሁት እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ አባል የሚያስገባውን በመስከረም ይፈርማል፤ ሁሉንም ምርት ሳይሆን ለምሳሌ ከአምስት ኩንታል ሁለቱን። የቀረውን ለፈለገው ይሽጥ። ማኅበሩ ለዚያ ለሁለቱ የመነሻ ዋጋ ይቆርጣል፤ በርክክብ ቀን ገበያው ከዚያ ከበለጠ በገበያው ይከፍላል። ያላስገባ ሰው ደግሞ በዚያ ዓመት የተሳትፎ ክፍፍል የለውም፤ የሊቀመንበሩ ወንድም ቢሆንም።

አንድ ነገር ይቀራል፦ ማን ስንት አስገባ የሚለው ዝርዝር መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ። ታኅሣሥ ላይ ገበያ የሚወርድ ሰው ሁሉ ቆሞ ያነበዋል፤ ማንበብ የማይችለውም ያስነብባል።